ጭጋጉ ነው ወይስ መብራቱ ጠፍቷል?

ማታ ከዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ሶዶን እያያችሁ ነው እንበል። ጭጋግ ሲወርድ የከተማዋ መብራት ሁሉ አንድ ላይ ይደበዝዛል። ሌላው ቦግ ብሎ አንዱ ሰፈር ብቻ ድርግም ካለ ግን የተበላሸ ነገር አለ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በጀርባ አጥንት ቀዶ ጥገና የታካሚው እግር የሚተርፈው በእሱ ነው።

የጎበጠ ጀርባ ሲቃና ሕብለ ሰረሰሩ ከልክ በላይ ከተወጠረ ሰው ሽባ ሆኖ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ ተኝቶ ሳለ ነርቩ በኤሌክትሪክ ይጠየቃል። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ሲነዘር መልሱ ከ37 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ከራስ ቅሉ ላይ በማሽን ይለቀማል። አናቱ ላይ ሲነዘር ደግሞ የእግሩ ጡንቻ ይመልሳል።

ታዲያ በትንፋሽ የሚገባው ሰመመን፣ እነ ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን፣ ሰውን የሚያስተኛው የነርቭ ሴሎችን ቅብብል በማዳከም ነው። ማሽኑ የሚያዳምጠውም ያንኑ ቅብብል ነው! ጋዙ ነርቩን እንደ ሽቦ እምብዛም አይነካውም፤ የሚያደነዝዘው መጋጠሚያውን ነው። መጠኑ ሲጨምር መልሱ እያነሰና እየዘገየ ይሄዳል። ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርደው መልእክት በተለይ ስስ ነው፤ በመጠነኛ ጋዝም ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ጋዙን ቀንሰው ወይም ትተው ፕሮፖፎልን በደም ሥር የሚሰጡት። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ኬታሚን ነው። በየሆስፒታላችን የለመድነው ይህ መድኃኒት መልእክቱን ከማዳከም ይልቅ ብዙ ጊዜ ያጎላዋል።

ጋዝ ነው ወይስ ጉዳት? እዚህ ላይ አብሮ የሚለካው እጅ ይመሰክራል። ጋዝ የእጅንም የእግርንም መልስ ያደበዝዛል፤ ጭጋጉ እሱ ነው። ደረት አካባቢ ሕብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ግን የእጁ መልስ እንዳለ ሆኖ የእግሩ ብቻ ይወድቃል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ የሚሠሩት ዶክተር ሪክ ሆደስ ጀርባቸው ክፉኛ የጎበጠ፣ አንዳንዶቹም በአጥንት ቲቢ የተጎዱ ኢትዮጵያውያንን ጋና ወዳሉት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቼ-አጄ ሲልኩ ኖረዋል።

ማሽን በሌለበትም መላ አለ። ፈረንሳያዊው ስታኛራና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዘዴ ሰመመኑን በቀዶ ጥገናው መሀል አሳስቶ ታካሚውን ማናገር ነው። መጀመሪያ «እጅህን ጨብጥ» ይባላል፤ ከጨበጠ ነቅቷል፣ ሰምቷል ማለት ነው። ከዚያ «እግርህን አንቀሳቅስ»። ከገጠር ወላይታ ለመጣ ታካሚ ሁለቱም ቃላት በወላይትኛ መነገር አለባቸው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊትም አብሮ መለማመድ ያስፈልጋል።