ፐርሰንት በሙሉ ቁጥር፦ ተረትና እውነታ

ማይክሮኮንትሮለር የሴንሰር ንባብን ወደ ፐርሰንት ለመለወጥ ማባዛትና ማካፈል ይበቃዋል። ስህተት የሚፈጠረው ቺፑ የሚያሰላው በወረቀት ላይ እንደሚሰላው ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው። እዚህ የቀረቡት ምሳሌዎች የአርዱይኖ ኡኖ አር3 ቦርድ የሚሠራበትን ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ይመለከታሉ። የቺፑ የአናሎግ ንባብ ከ0 እስከ 1023 ይደርሳል። «ኢንት» የተባለው የቁጥር ዓይነት 16 ቢት በመሆኑ ከ−32,768 እስከ 32,767 ያለውን ብቻ ይይዛል።

ተረት፦ ፐርሰንት ያለ «ፍሎት» (የነጥብ ቁጥር ዓይነት) አይሰላም።
እውነታ፦ ፐርሰንት አንድ መጠን ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል፤ ይህን ለመግለጽ ሙሉ ቁጥር ይበቃል። ቺፑ የነጥብ ቁጥሮችን የሚያሰላ ክፍል ስለሌለው ፍሎት የሚሠራው በሶፍትዌር ነው። መልሱ ይገኛል፤ ነገር ግን ተጨማሪ ጊዜና ሜሞሪ ይወስዳል።

ተረት፦ ማባዛት ቢቀድም ማካፈል ቢቀድም ልዩነት የለውም።
እውነታ፦ በወረቀት ላይ የለውም፤ በሙሉ ቁጥር ግን አለው። 512 ለ1023 ሲካፈል ድርሻው 0 ነው፤ 0 በ100 ቢባዛም ያው 0 ነው። በዚህ አካሄድ ከ1023 በታች ያለ ንባብ ሁሉ 0 ፐርሰንት ይሆናል። ስለዚህ መቅደም ያለበት ማባዛት ነው።

ተረት፦ ማባዛት ከቀደመ ችግሩ ተፈታ።
እውነታ፦ 512 × 100 = 51,200 ነው፤ ይህ በኢንት ውስጥ አይገባም። ብዙውን ጊዜ ብዜቱ ወደ −14,336 ይገለበጥና መልሱ −14 ፐርሰንት ሆኖ ይወጣል። አሉታዊ ቁጥር የማይቀበለው ባለ16 ቢት ዓይነትም ጣሪያው 65,535 ስለሆነ ከ656 ጀምሮ ይሳሳታል። መፍትሔው ከማባዛት በፊት አንዱን ተባዢ ወደ 32 ቢት መለወጥ ነው። መልሱን ብቻ በ32 ቢት ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ብዜቱ ቀድሞ ተበላሽቷል።

ተረት፦ ማካፈል መልሱን ወደ ቅርቡ ቁጥር ያጠጋጋል።
እውነታ፦ ቀሪውን ቆርጦ ይጥላል እንጂ አያጠጋጋም። ንባቡ 1022 ሲሆን 102,200 ለ1023 ተካፍሎ 99 ይሰጣል፤ ትክክለኛው ዋጋ ግን 99.9 ነው። ከማካፈል በፊት የአካፋዩን ግማሽ፣ ማለትም 511ን፣ መደመር መልሱን ወደ 100 ያመጣዋል። ይህ ለአዎንታዊ ቁጥር ነው፤ ለአሉታዊ ተካፋይ ግማሹ ይቀነሳል።

ተረት፦ በሙሉ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ያለውን አሃዝ ማሳየት አይቻልም።
እውነታ፦ በ100 ፋንታ በ1000 ማባዛት ይበቃል። ንባቡ 700 ከሆነ 700,000 ለ1023 ሲካፈል 684 ይገኛል። 684 ለ10 ሲካፈል ድርሻው 68፣ ቀሪው 4 ነው፤ በመካከላቸው ነጥብ ሲገባ 68.4 ይነበባል።

ተረት፦ 1023ን በ1024 መተካት መልሱን አይነካም።
እውነታ፦ 1024 የ2 አሥረኛ ርቢ ስለሆነ ቢቶችን አሥር ቦታ ወደ ቀኝ በማንሸራተት ማካፈልን ማስቀረት ይቻላል። የማካፈያ ትእዛዝ ለሌለው ለዚህ ቺፕ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ከፍተኛው ንባብ 1023 በዚህ መንገድ 99 ፐርሰንት ላይ ይቆማል። ቢቶቹ ከመንሸራተታቸው በፊት 512 ከተደመረ 100 ይደርሳል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ ወደ 32 ቢት መለወጥ፣ ማባዛት፣ የአካፋዩን ግማሽ መደመር፣ ማካፈል። ቀመሩ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ቢያንስ በ0፣ በ512፣ በ1022 እና በ1023 ሊፈተሽ ይገባል።