ከችሎታ ጋር አብሮ የሚያድግ የስኩባ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

«ባሕር በሌለው አገር ስለ ስኩባ መሣሪያ ማንበብ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ጅቡቲ ጎረቤታችን ናት፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል። በጅዳ ወይም በኢላት ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ቀይ ባሕር ደጃቸው ነው። ከዚህም በላይ ጉዳዩ በክፍል ውስጥ የምንማረው የግፊት ሕግ በሰው ሳንባ ላይ ሲሠራ የሚታይበት ነው።

ስኩባ ማለት ጠላቂው አየሩን ራሱ ተሸክሞ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የሠሩት ሬጉሌተር፣ ጠላቂው በሳበ ቁጥር በዙሪያው ካለው ውኃ ግፊት ጋር እኩል የሆነ አየር ይሰጥ ነበር። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ውኃው ወለል ላይ 2 ሰዓት ይቆይበታል። በ30 ሜትር ግን ግፊቱ 4 አትሞስፌር ስለሆነ ያው አየር በ30 ደቂቃ ያልቃል፤ ለመውጫ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩን ሥልጠና የወሰደ እስከ 30 ሜትር ይፈቀድለታል፤ የመዝናኛ ጠለቃ የመጨረሻ ወሰን 40 ሜትር ነው። እንግዲህ ችሎታ ሲያድግ ጥልቀቱ ይጨምራል፣ ከመሣሪያውም የሚጠበቀው ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲገዛ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ዛሬ ይበቃኛል ወይ? ነገስ ሌላ ሳልገዛ አብሮኝ ይሄዳል ወይ?

1. ማስክና የእግር መቅዘፊያ፦ ማስክ በዋጋው ሳይሆን ፊት ላይ በልኩ በመቀመጡ ይመረጣል። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አስጠግቶ በአፍንጫ ትንሽ መሳብ ነው፤ እጅ ሲለቀው ካልወደቀ ልክ ነው። መቅዘፊያውም ከኋላ ክፍት ሆኖ በጎማ ጫማ ላይ የሚታሰር ቢሆን ይመረጣል፤ በሞቃትም በቀዝቃዛም ውኃ ያገለግላል።

2. የጠላቂ ኮምፒውተር፦ ጥልቀትና ጊዜ እየመዘገበ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ናይትሮጅን የሚያሰላ፣ እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ነው። ሲገዛ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ በናይትሮክስ ማለትም ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ በላይ በሆነ ድብልቅ መሥራቱ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ኦክስጅን ግፊቱ ሲበዛ መርዝ ስለሚሆን በ32 በመቶ ድብልቅ ከ33 ሜትር ገደማ በታች አይወረድም። ሁለተኛ፣ ለከፍታ ቦታ መስተካከሉ። ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለባሕር የተሠራው የጠለቃ ሠንጠረዥ እዚያ እንዳለ አይሠራም።

ከፍታ ከጠለቃ በኋላም ያሳስባል። ጅቡቲ ላይ ጠልቆ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ግፊቱ ሲቀንስ በደሙ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ፣ ሽባ ሊያደርግ፣ ሲብስም ሊገድል ይችላል። በአውሮፕላን ከመሳፈር በፊት ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ከተጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል። «እኔ በመኪና ነው የምሄደው» ማለት አያድንም፤ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በበረራ ላይ ካለ አውሮፕላን ውስጠኛ ግፊት ጋር ይቀራረባል።

3. ሬጉሌተር፦ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኘው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው፤ አንዱ በቅንፍ የሚያዝ፣ ሌላው ዲን የሚባለው በጥርስ የሚጠመዘዝ። ዲን የገዛ ሰው ትንሽ ማገናኛ ጨምሮ በሁለቱም ይጠቀማል። ባላንስድ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሲሊንደሩ ሲጎድልም ሆነ ጥልቀቱ ሲጨምር አተነፋፈሱ እምብዛም አይከብድም። መለዋወጫውና ጠጋኙ በቅርብ መገኘቱም ይጣራ፤ ያልታደሰ ሬጉሌተር ውድም ቢሆን አያስተማምንም።

4. በአየር የሚነፋው ጃኬት፦ ለጀማሪ ተራው ጃኬት ይበቃል። ለማደግ የሚመቸው ግን የጀርባ ሳህኑ፣ ማሰሪያውና የሚነፋው ክፍል ተለያይተው የሚገጠሙበት ነው። ባለቤቱ ነገ በሁለት ሲሊንደር መጥለቅ ቢማር የሚነፋውን ክፍል ብቻ ይለውጣል፤ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል።

5. ሲሊንደርና ማስመጫ እርሳስ፦ ከባድ ናቸው፤ ሲሊንደሩም በየጊዜው የግፊት ምርመራ ይፈልጋል። የጠለቃ ማዕከሎች ስለሚያከራዩት መከራየቱ ያዋጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። የሚያድግ መሣሪያ መግዛት ማለት ገና ያልተማሩትን መሣሪያ መሸከም ማለት አይደለም። ለ40 ሜትር የተሠራ ሬጉሌተር የ18 ሜትር ሠልጣኝን ወደ 40 ሜትር አይፈቅድለትም። ከ10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው በሳንባው ያለው አየር እጥፍ ለመሆን ይገፋል፤ ሳንባውም ሊቀደድ ይችላል። ይህንን የሚከላከለው ሥልጠና እንጂ ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ የተማሪ ኪስ ያለው ሰው መጀመሪያ ማስክ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ሬጉሌተር፣ መጨረሻ ላይ ጃኬት ቢገዛ ይሻላል። እስከዚያው የጎደለውን ይከራይ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለሥልጠና ያውለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!