የካ ዳገት ላይ ቤት ሲገዙ ምን ያስመርምሩ?

ደላላ ቤት ሲያሳይ ሳሎኑን ያስቀድማል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጉራራ ወይም ካራ አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው ግን ጓሮውን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ከእንጦጦ ግርጌ ባሉ ተዳፋት ሰፈሮች ግቢ የሚደለደለው በላይ በኩል ቆርጦ በታች በኩል አፈር በመሙላት ነው። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየጠጣ ይሰምጣል፤ ላዩ ያረፈው ግድግዳም ይሰነጠቃል።

ቤት መመርመር እኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ አልተለመደም። ስለዚህ ሲቪል መሐንዲስ ወይም ነባር ግንበኛ ከፍለው ይዘው ይሂዱ፤ ደላላው የሚያመጣልዎትን ግን አይቀበሉ። ደህና ባለሙያ በሩብ ሰዓት አይጨርስም። መጀመሪያ አፈሩን የያዘውን የድንጋይ ግንብ ያያል፦ ሆዱ ተነፍቷል? ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ተትቶለታል? ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ውሃ አቁሮ አንድ ሐምሌ ሊናድ ይችላል።

ከዚያ ስንጥቅ ነው። ልስን ላይ ያለ ፀጉር የመሰለ መስመር ብዙ ጊዜ አያሳስብም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወርድና ብሎኬቱን ዘልቆ በውጭም የሚታይ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ሊሆን ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽና ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷልና ስንጥቁ መቼ እንደ መጣ ይጠይቁ። የግድግዳው ግርጌ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባም እርጥበት ተሸፍኖ ይሆናል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚው መሬት የሚነካበት ቦታ በቢላ ይወጋ። ቢላው ያለችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ኮርኒሱም ይከፈትና በቀን ብርሃን ቆርቆሮው ይታይ።

ምጣድ ያስጥዱና መብራቱ ይደበዝዝ፣ ብሬከሩ ይወርድ እንደሆነ ይመልከቱ። የውሃውን ፈረቃ ከሻጩ ይልቅ ጎረቤት ይንገርዎ። ሴፕቲክ ታንኩ የት ነው? መጣጭ መኪናስ በዚያ ጠባብ ዳገት ይገባል? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያነሣው ጉድጓዱ ከሞላ በኋላ ነው። ከተቻለ ዝናብ ሲጥል ይሂዱ፤ የላይኛው ግቢ ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ በዓይንዎ ያያሉ።

መሐንዲስ የማያየው ወረቀቱን ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ካርታው ላይ ያለው ስፋት ከአጥሩ ጋር ይለካ፤ እዳና እግድ መኖር አለመኖሩ፣ የወንዝ ዳርቻ ወይም የልማት ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑም ከክፍለ ከተማው ይጣራ። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ቢረክስ አይግረምዎ።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ይጠየቃል፤ ገዢው እያወቀ ለገዛው ወይም በግልጽ ለሚታየው ግን በመሠረቱ አይጠየቅም። ይኸው ሕግ ቀብድ ከፍሎ ውሉን ያፈረሰ ሰው ቀብዱን እንዲያጣ ያደርጋል። ስለዚህ ባለሙያው ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይግባ፤ ሻጩ አሠራዋለሁ ያለው ሁሉም ውሉ ላይ ይጻፍ።