ሞተሩ ይፎክራል፣ ፕሮፔለሩ ያስከፍላል

በዚህ ዓምድ የለመዳችሁት ስለ ሕግና ስለ አስተዳደር ነው። ዛሬ ግን በሪሞት ስለምትነዳ አንዲት ትንሽ ጀልባ ልጽፍ ተነስቻለሁ። «ሰውየው በስተርጅና መጫወቻ አማረው» የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም። ነገሩ ግን ገንዘብም እሳትም ያለበት ነውና እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ለዘመድ ጥየቃ ሜሪላንድ በሄድኩበት ጊዜ የእህቴ ልጅ ርዝመቷ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ ሞዴል ጀልባ ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ኩሬ ላይ ያሯሩጧታል። አንድ ቀን የጓደኛው ጀልባ ጥላው ሄደች። ልጁም ተናዶ ወደ አንድ መደብር ሄደና «ፍጥነት እፈልጋለሁ» አለ። ሻጩም ባለ 4 ሴሉን ባትሪ በባለ 6 ሴል እንዲለውጥ፣ ፕሮፔለሩንም ከ40 ወደ 44 ሚሊ ሜትር እንዲያሳድግ መከረው። በሳምንቱ ጀልባዋ እንደ ጥይት ተወነጨፈች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላት ግን ከሆዷ ነጭ ጢስ ወጣ። በትንሽ ታንኳ ቀዝፈን ስናወጣት የፍጥነት መቆጣጠሪያው ተቃጥሏል፣ ባትሪው አብጧል። የጠፋው ገንዘብ ልጁ ከትምህርት በኋላ እየሠራ በሁለት ወር ያጠራቀመው ነበር።

ልጁ «ሞተሩ ደካማ ነው» ሲል ከሰሰ። ሻጩ በበኩሉ ጥፋቱን በባትሪው ላይ ጣለ። የሕግ ተማሪ የነበረ ሰው ደግሞ ሁለት ወገን ሲካሰስ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። ማስረጃ ወደማገላበጡ ገባሁ። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት ነገር ቀላል ነው፤ ሁለቱም የከሰሱት የተሳሳተ አካል ነበር።

በብዙ ሰው ዘንድ ያለው እምነት «ትልቅ ሞተር ግዛ፣ ጀልባህ ይፈጥናል» የሚል ነው። ነገር ግን ሞተር ያለውን ኃይል ሁሉ ሁልጊዜ አይሰጥም። የሚሰጠው የተጠየቀውን ያህል ነው። ጠያቂው ደግሞ ፕሮፔለሩ ነው። በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው ፕሮፔለሩ ገንዘብ ጠያቂ፣ ባትሪው ከፋይ፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው ዋሶች ናቸው። ጠያቂው ከውሉ በላይ ሲጠይቅ ዋሶቹ «አቅሜ አይደለም» ብለው አይከራከሩም፤ እስኪቃጠሉ ይከፍላሉ። ስለዚህ ምርጫ የሚጀመረው ከሞተሩ ሳይሆን ከዕዳው መጠን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። ዛሬ በእነዚህ ጀልባዎች ላይ የሚገጠመው ብራሽለስ የሚባለው፣ ካርቦን የሌለው ሞተር ነው። ገላው ላይ «1800 ኬቪ» ተብሎ ይጻፋል። ብዙዎች ይህን ኪሎ ቮልት ወይም የጉልበት መለኪያ ይመስላቸዋል። አይደለም። ኬቪ ማለት ሞተሩ ያለ ጭነት ለእያንዳንዱ አንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር ነው። እንዲያውም ኬቪው ከፍ ባለ ቁጥር ሞተሩ ከአንድ አምፔር የሚያወጣው የመጠምዘዝ ጉልበት ያንሳል። ከፍተኛ ኬቪ ያለውን «ጠንካራው» ብሎ የሚገዛ ሰው እንግዲህ ውሉን ሳያነብ እንደፈረመ ይቆጠራል።

የልጁን ጀልባ በቁጥር እንያት። አንድ የሊቲየም ፖሊመር ሴል በአማካይ 3.7 ቮልት ይሰጣል። አራት ሴል 14.8 ቮልት ነው። 14.8 በ1800 ሲባዛ በደቂቃ 26,640 ዙር ይሆናል። ፕሮፔለር ተገጥሞ ውኃ ሲገፋ ሞተሩ ይህን አያገኝም፤ 80 በመቶውን ብንወስድ 21,300 ዙር ገደማ ነው።

ፕሮፔለርን የሚገልጹት ሁለት ልኮች ናቸው። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጥርስ አንድ ዙር ሲዞር ወደፊት ሊገባ የሚችለው ርቀት ነው። በአሜሪካ በስፋት የሚታወቁት የኦክቱራ ፕሮፔለሮች ይህን በስማቸው ይናገራሉ። «ኤክስ 440» ሲል 4ቱ ፒቹ የስፋቱ 1.4 እጥፍ መሆኑን፣ 40ው ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሳያል። ፒቹ እንግዲህ 56 ሚሊ ሜትር ነው። 56 ሚሊ ሜትር በደቂቃ 21,300 ጊዜ ሲራመድ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። ውኃ እንጨት አይደለምና ፕሮፔለሩ ይንሸራተታል። ለዚህ ከ15 እስከ 20 በመቶ ብንቀንስ ጀልባዋ ከ57 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሮጣለች ማለት ነው። ለጀማሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም። ዙሩ ሲጨምር ኃይሉ የሚያድገው ጭማሪው በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። በስፋት ሲሆን ይብሳል፤ የቅርጹ ምጣኔ ሳይለወጥ ስፋቱ ብቻ ሲጨምር ጭማሪው አምስት ጊዜ ይባዛል። 40 ሚሊ ሜትሩን በ44 መለወጥ ለዓይን ከቁጥር የማይገባ ለውጥ ነው፤ ጭማሪው 10 በመቶ ብቻ ነው። 1.1ን አምስት ጊዜ አባዙት፤ 1.61 ታገኛላችሁ። በዚያው ዙር 61 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ተጠየቀ ማለት ነው። ባትሪውን ከ4 ወደ 6 ሴል መለወጥ ደግሞ ቮልቱን፣ በእርሱም ዙሩን አንድ ተኩል እጥፍ ያደርጋል። 1.5 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 3.4 ያህል ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ዕዳው 5.4 እጥፍ ሆነ።

ቀድሞ መቆጣጠሪያው የመዘገበው ፍሰት 60 አምፔር ያህል ነበር። 60 በ14.8 ሲባዛ 888 ዋት ነው። ይህ 5.4 እጥፍ ሲሆን 4,800 ዋት ገደማ፣ በ22.2 ቮልት ሲካፈል ደግሞ 217 አምፔር ይሆናል። የልጁ መቆጣጠሪያ የተሠራው ለ120 አምፔር ነበር። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ጭነት በታች ዙሩ ስለሚወድቅና የባትሪው ቮልት ስለሚወርድ ሙሉው 217 ላይደርስ ይችላል። ለፍርድ ግን የሚጎድል ማስረጃ የለም። ሞተሩ ነፃ ነው። ባትሪውም ነፃ ነው። ጥፋቱ ሁለት ነገር በአንድ ቀን የለወጠው ምክር ነው።

ታዲያ ባለ 6 ሴል ባትሪ መጥፎ ነው ማለት ነው? በፍጹም። ቮልት ሲጨምር ኬቪው መቀነስ ነበረበት። 1200 ኬቪ ሞተር በ22.2 ቮልት የሚዞረው ልክ እንደ ቀድሞው 26,640 ነው። ያው 888 ዋት በ60 ፈንታ በ40 አምፔር ይገኛል። በሽቦና በመቆጣጠሪያ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ከአምፔሩ ራስ በራስ ብዜት ጋር ስለሚሄድ፣ እዚያ ያለው ሙቀት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቮልት ጨምረው ኬቪ የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ የሞተሩ መጠን የሚመጣው። በብዙ ሞተሮች ላይ «3660» ወይም «3674» ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ስፋቱን፣ የኋለኞቹ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ይነግራሉ። ረዥሙ ብዙ መዳብ አለው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ጭነት ሳይግል ይሸከማል። ትልቅ ሞተር የሚገዛው ለፍጥነት ሳይሆን ለትዕግሥት ነው ማለት ይቻላል። ክብደቱ ግን ጀልባዋን ስለሚጫናት ያለ ልክ ማሳደጉም አይመከርም። የጀልባዋ ቅርጽም ይታሰብ። ውኃውን በጥቂት ነጥብ ብቻ የምትነካው ሃይድሮፕሌን፣ ሆዷን ውኃ ላይ ከምታሳርፈው ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ያነሰ ኃይል ትጠይቃለች።

የፈጣን ጀልባ ፕሮፔለር እንደ መርከብ ሙሉ በሙሉ አይሰምጥም። ጀልባዋ ከፍ ብላ ስትሮጥ የታችኛው ግማሽ ብቻ ውኃ ይቆርጣል፤ ሻፍቱም ከውኃው ስለሚወጣ መጎተት ይቀንሳል። ስትነሳ ግን ፕሮፔለሩ በሙሉ ውኃ ውስጥ ነው። ከፍተኛው አምፔር የሚጠየቀውም ያኔ ነው። በዝግታ አፍንጫዋን ሰቅላ እያረሰች እንድትሄድ ማድረግ «መቆጠብ» ይመስላል፤ መቆጣጠሪያውን የሚገድለው ግን እርሱ ነው። ቶሎ አስነስቶ ማስሮጥ ይሻላል።

የብረት ፕሮፔለር ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መሳልና ሚዛኑ መስተካከል አለበት። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ፕሮፔለር በደቂቃ 21,000 ጊዜ ሲዞር ኩሽኔታውንም ሻፍቱንም ይጨርሳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከቤሪሊየምና ከመዳብ ቅልቅል ነው። ብናኙ ሳንባን ይጎዳልና የሚሞረደው በውኃ እያረጠቡ፣ በአፍ መሸፈኛ ነው። የማይታወቅ ብረት ከሆነም እንደ ቤሪሊየም ቆጥሮ መጠንቀቅ ይሻላል።

ልጁ በአዲስ መቆጣጠሪያ ሲጀምር የተስማማንበት ሕግ አጭር ነው። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ፕሮፔለር ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይጨመርም፤ ይህችም ከ40 ወደ 42 ስትሆን 28 በመቶ ጭነት ናት። ከለውጥ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይሮጥና ሙቀት ይለካል። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ጉልበቱን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ባትሪም 60 ዲግሪ መድረስ የለበትም። ከባትሪው አቅም 20 በመቶው ሳይነካ ይቀራል። ባለ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በ60 አምፔር ሲሮጥ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በአራተኛው ደቂቃ ወደ ዳር መምጣት ነው። ያበጠ ባትሪ ዳግም አይሞላም። ጤነኛውም ሲሞላ ሰው አጠገቡ ይኖራል፣ የሚቀጣጠል ነገር ላይ አይቀመጥም።

የሰው ደኅንነት ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ይህ ፕሮፔለር ቢላዋ ነው። ባትሪ ከተገናኘበት ሰዓት ጀምሮ ጣት ወደ እርሱ አይጠጋም። መጀመሪያ የሚበራው፣ መጨረሻ የሚጠፋው ሪሞቱ ነው። ሰው በሚዋኝበት ውኃ ላይ አይነዳም። ይህ ለሜሪላንድ ኩሬ ብቻ የተባለ አይደለም፤ ነገ ከውጭ የመጣ ዘመድ እንዲህ ያለ ጀልባ ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ቢሄድም ያው ነው።

በአሜሪካ የሞዴል ጀልባ ውድድር ደንብ የተፈቀዱ ሞተሮች በዝርዝር የሚወሰኑበት ምድብ አለ። ሞተሩ ተወስኖም ግን አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። ልዩነቱ ያለው በፕሮፔለሩ፣ በአሳሳሉና ጀልባዋን በማስተካከሉ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው በመጀመሪያ አላመነኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው 1800 ኬቪ ሞተር፣ በዚያው ባለ 4 ሴል ባትሪ፣ በደንብ በተሳለና ሚዛኑ በተስተካከለ 42 ሚሊ ሜትር ፕሮፔለር ሮጠ። ጓደኛውን አልቀደመውም። ተከትሎት ግን ገባ፤ ጀልባዋም ሳትጨስ፣ መቆጣጠሪያው በእጅ ሲነካ ለብ ብሎ ብቻ ወጣ። እኔ ይህን ድል እለዋለሁ።