ከጉዛራ እስከ ጎርጎራ፥ የጣና ዳር ግንቦችና የእግር መንገድ

ልጅን አይቶ ስለ አባቱ ሳይጠይቁ ማለፍ በአገራችን ልማድ ነውር ነው። በእንግድነት የገባ ሰው የቤቱን ወጣት አመስግኖ ሲያበቃ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይል አይወጣም። ስለ ጎንደር ግንብ ስንነጋገር ግን ይህን ደግ ልማዳችንን እንረሳለን። ከአውሮፕላን ወይም ከአውቶሞቢል ወርደን የዐፄ ፋሲልን ግንብ እናደንቃለን፤ ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ ወዲያውም እንመለሳለን። የዚያ ግንብ አባት ማን እንደ ኾነና የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አባቱ ግን ሩቅ አይደለም። በጣና ዳር፥ ከእንፍራዝ ኮረብታ ዠምሮ እስከ ጎርጎራ ድረስ፥ ከፊሉ ቆሞ ከፊሉ ፈርሶ፥ በላዩም ዛፍ በቅሎበት ይገኛል። እርሱንም ደኅና አድርጎ ለማየት ከእግር የተሻለ መጓጓዣ የለም።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከመቆርቆርዋ አስቀድሞ ነገሥታቱ አንድ የጸና ከተማ አልነበራቸውም። በበጋ በድንኳን ይዘምታሉ፤ ክረምት ሲገባ ግን ሠራዊቱን የሚመግብ ለም መሬት፥ የማይነጥፍ ውሃና የሚመች ኮረብታ ያለበትን ስፍራ መርጠው ይቀመጣሉ። ይህን ኹሉ አሟልቶ የሚሰጣቸው የጣና ዙሪያ ስለ ነበረ፥ እንፍራዝ፥ ጎርጎራ፥ ደንቀዝና አዘዞ በየተራቸው የንጉሥ መቀመጫ ኾኑ። የድንጋይ ቤት መሥራትም በእነዚህ ስፍራዎች ቀስ በቀስ ተለመደ። እንግዲህ ከእንፍራዝ ተነሥቶ እስከ ጎርጎራ በእግሩ የሚሄድ ሰው፥ የሚጓዘው በአገር ላይ ብቻ አይደለም፤ ግንበኞቻችን እጃቸውን ባፍታቱባቸው ዓመታት ላይም ይጓዛል። ያለ ችኮላ ለሚሄድ መንገደኛ አንድ ሱባዔ ያህል ይበቃዋል።

መዠመሪያው ጉዛራ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዐውራ ጎዳና በመኪና የሚያልፍ ሰው በኮረብታው ራስ ላይ ለአንድ አፍታ አይቶት ይሰወርበታል። አቀበቱን በእግሩ የወጣ ግን፥ ትንፋሹን ሰብስቦ ፊቱን ወደ ምዕራብ ሲመልስ፥ ስፍራው ለምን እንደ ተመረጠ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከእግሩ በታች ሜዳው ተዘርግቶአል፤ ከሜዳው ወዲያ ጣና እስከ ሰማዩ ጠርዝ ድረስ ይታያል። ከዚህ የሚቀመጥ ንጉሥ ከየትም የሚመጣበትን ያያል።

የአገሩ ትውፊት ጉዛራን ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት ይላል። ነገር ግን በዚህ ላይ ክርክር አለ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ጸሓፊዎች እንደሚተርኩት፥ ለኖራ የሚኾነው ድንጋይ ታውቆ ለግንብ ሥራ የዋለው በ1613 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጉዛራ ደግሞ የተገነባው በኖራ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ሕንፃው፥ ወይም ዛሬ የምናየው መልኩ፥ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል በኋላ የተሠራ ነው ብለው ይከራከራሉ። ማን እንደሚረታ አኹን አንፈርድም። ይህን ብቻ እንላለን፤ ክርክሩን የሚቈርጠው ዳኛ በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ያለው ኖራ ነው፤ ኖራው ታጥቦ ድንጋዩ ከተበተነ ግን ዳኛው ሞተ ማለት ነው።

ከእንፍራዝ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ማክሰኚትን ያገኛሉ። ከዚያ በስተ ቀኝ ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው በደንቀዝ የዐፄ ሱስንዮስን ቤተ መንግሥት ፍራሽ ያያል። ወደ ፊት የቀጠለ ደግሞ አዘዞ ይደርሳል። በአዘዞ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያንና አትክልት አዘጋጅተው ስፍራውን ገነተ ኢየሱስ አሉት፤ መቃብራቸውም በዚያው ነው። በጎንደር የፋሲል መዋኛ እየተባለ በየዓመቱ ጥምቀት የሚከበርበትን የውሃ ስፍራ የሚያውቅ ሰው፥ ውሃንና ዛፍን በቅጥር አስውቦ የማኖር ልማድ ከልጁ በፊት በአባቱ ዘመን እንደ ነበረ በአዘዞ ይማራል።

ከአዘዞ ወደ ደቡብ ምዕራብ የደምቢያ ሜዳ ነው። መንገደኛው በዚህ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። መሬቱ ጥቁር አፈር ስለ ኾነ በክረምት እግርን ይውጣል፤ መገጭና ድርማም ይሞላሉ። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ግን መሬቱ ይጠነክራል፤ ጤፉ ይበስላል፤ ሽምብራው በእርጥቡ አፈር ላይ ይለመልማል። ጥላ ጥቂት ስለ ኾነ ማልዶ መነሣትና እኩለ ቀን ሲኾን ከዋርካ ሥር ማረፍ ይበጃል። በቆላ ድባና በጯሒት አልፎ ወደ ባሕሩ ሲቀርቡ ከደንገል የታሰሩት ታንኳዎች ይታያሉ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በባሕሩ ላይ የተነሣውን እምቦጭ የተባለውን አረምም በዚሁ ሜዳ ዳር መንገደኛው በዐይኑ ሊያይ ይችላል፤ የሰሜኑና የምሥራቁ ዳርቻ በእርሱ እጅግ ተጐድቶአልና።

በጎርጎራ አስቀድሞ የሚታየው የደብረ ሲና ማርያም ነው። ክብ ኾኖ በሣር የተከደነው ይህ ቤተ ክርስቲያን በውስጡ ያለው የግድግዳ ሥዕል እጅግ ያማረ ነው፤ የካህናቱም ጥበቃ እስከ ዛሬ አልተቋረጠበትም። ከዚያ በስተ ምዕራብ፥ ወደ ባሕሩ በገባ መሬት ላይ፥ ማርያም ግንብ የሚባለው ፍራሽ ቆሞአል። ለዚህ ግን ጠባቂ ካህን የለውም፤ ምክንያቱንም ከታሪኩ እናገኘዋለን።

ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓንያ መነኩሴ በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፥ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፥ በ1610 ዓ.ም. የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ፥ ለዐፄ ሱስንዮስም በጎርጎራ የድንጋይ ቤት ሠርቶ በ1614 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ማርያም ግንብን የሠራው እርሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሕንፃው ከሞቱ በኋላ በ1620 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በዐዋጅ ስለ ተቀበሉ በአገሩ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ንጉሡ በወገን ላይ የተገኘውን ድል ድል ሊሉት ስላልቻሉ፥ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ። የጎርጎራው ቤተ ክርስቲያን ባለቤት ያጣው ያን ጊዜ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ የስሕተት ዘመን ሥራ ነው፤ ቢፈርስ ምን ይጐዳናል?» ይላል። የቀናች ሃይማኖት ልጅ ከኾነ ሰው ይህ አሳብ ቢመጣ አያስገርምም። ነገር ግን በጥሞና ቢመረመር አይጸናም። አንደኛ፥ ድንጋዩን ፈልጠው፥ ኖራውን አቃጥለው፥ ጽጌረዳውን በግድግዳው ላይ ከቀረጹት እጆች ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች እጆች ነበሩ፤ የዚያ ጊዜ ትምህርትም ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በጎንደር ላይ ፍሬውን አሳየ። ኹለተኛ፥ አባቶቻችን ስለ ሃይማኖታቸው እንዴት እንደ ተጋደሉ ልጆቻችንን ስናስተምር፥ የተጋደሉት ከምን ጋር እንደ ኾነ የሚያሳይ ምስክር ያሻናል። ማርያም ግንብ ያ ምስክር ነው። ምስክሩን ያጠፋ ወገን ደግሞ በክርክር ጊዜ የሚጠራው አያገኝም።

ይህ ምስክር እየጠፋ መኾኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ አጋማሽ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ቆሞ ከሚታየው ሕንፃ ብዙው ወድቆአል። የዛፍ ሥር በግድግዳው መካከል ገብቶ ድንጋዩን ይገፋል፤ ዝናብ ኖራውን ያጥባል። ከእስፓንያ የመጡ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በ1998 ዓ.ም. ሥራ ዠምረው ለብዙ ዓመታት ስፍራውን ቈፍረውና ለክተው መጽሐፍ ጽፈውለታል፤ ነገር ግን መጽሐፍ ግድግዳን አይደግፍም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በ1972 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጎንደርን ግንብ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲያገባ፥ ጉዛራና ማርያም ግንብም በዚያው መዝገብ አብረው ተጽፈዋል። ስለዚህ ለፋሲል ግንብ የሚደረገው ጥበቃ ለእነርሱም ይገባቸዋል እንጂ የሚለመንላቸው ምጽዋት አይደለም።

የሚያስፈልገውም ነገር ከዐቅም በላይ አይደለም። ለየፍራሹ ከአገሩ ተወላጅ ደመወዝ ያለው ጠባቂ ይሾም። ሥሩ ግድግዳውን ይዞ ያቆመው ስፍራ ስላለ ዛፉ ዐዋቂ ሳያየው አይነቀል። የሚጠገነውም በሲሚንቶ ሳይኾን እንደ ጥንቱ በኖራ ይኹን፤ ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ጋር ስለማይስማማ ድንጋዩን ይጐዳዋልና። በየአጥቢያው ያሉት ካህናትም ሕዝቡ ከፍራሹ ድንጋይ እያነሣ ለአጥር እንዳይወስድ ቢመክሩ፥ የእነርሱ ቃል ከብዙ ጠባቂ ይልቅ ይሰማል። «በገበታ ለሀገር» ዕቅድ በጎርጎራ የተሠራው ማረፊያ ለእንግዳ አልጋ አዘጋጅቶአል፤ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ማርያም ግንብ የሚያደርስ የእግር መንገድ ቢቃና፥ በመንገዱም የአገሩ ወጣት መሪ ቢኾን፥ ፍራሹን የሚጠብቀው ዐይን ይበዛል። ሰው የማይመላለስበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት በዚህ አገር የሚመላለስ እንግዳ እጅግ መቀነሱ እውነት ነው። መንገዱ ሰላም እስኪያገኝ ድረስ ማንም በድፍረት ይሂድበት አንልም። ነገር ግን ዝናብ የሰላምን ቀን አይጠብቅም። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ሹማምንትና ሊቃውንት ሆይ፥ መንገደኛው እስኪመለስ ድረስ ግድግዳው እንዲቈይለት አድርጉ። የሰላሙ ቀን ሲደርስም ጫማችሁን አጥብቃችሁ፥ በማለዳ ከእንፍራዝ ተነሡና እናንተው አስቀድማችሁ ሂዱበት።