በልጁ አናት ላይ ያለው ፍላጻ

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ በጣታቸው ጫፍ ቅቤ ይዘው፣ «ልጄ፣ እርግብግቢቱን ብቀባው ምን ይለዋል?» አሉኝ። ውጫሌ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ጥያቄው አዲስ አይደለም። የዚያን ቀን ግን መልሴን አቆይቼ ጣታቸውን ያዝኩና ከእርግብግቢቱ ወደ ኋላ በቀስታ ሳብኩት።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ስፌት የመሰለ ነገር አይሰማዎትም?»

«ይሰማኛል።»

«ወደ ኋላ ሲዘልቁስ?»

«ለሁለት ይከፈላል።»

ተማሪ ሳለሁ ያስጨነቀኝን ቃል በጣታቸው አነበቡት። የሰውነትን ሦስት ገጾች ሳጂታል፣ ኮሮናል፣ ትራንስቨርስ ብዬ ለፈተና ሸምድጄ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆኑ የነገረኝ ግን አልነበረም። ሳጊታ በላቲን ፍላጻ ነው፤ ግእዙ ሐጽ የሚለው። በጨቅላ ራስ ላይ የፊተኛው እርግብግቢት የፍላጻውን ስለት ይመስላል፣ መሃል አናትን የሚሰነጥቀው መስመር ዘንጉን፣ ኋላ ለሁለት የሚከፈለው ደግሞ ላባውን። የጥንት ሐኪሞች መስመሩን በዚህ መልኩ ሰየሙት፤ ከእሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ሰውነትን ግራና ቀኝ የሚለየው ገጽም ስሙን ወረሰ። እነዚህ የራስ ቅል መጋጠሚያዎች በላቲን ሱቱራ ይባላሉ፤ እሱም ስፌት ማለት ነው። አያቲቱ የተሰማቸው ስፌት ነበር፤ ስሙም ስፌት ነው!

ተለማማጆችን ሳስተምር ሦስቱን ገጾች የማሳየው በሀበሻ ቀሚስ ነው። ከአንገት እስከ እግር መሃል ለመሃል የሚወርደው ጥልፍ ሳጂታል ነው፤ ግራና ቀኝ ይለያል። ከብብት የሚወርዱት የግራና የቀኝ ጎን ስፌቶች ፊትን ከጀርባ ስለሚለዩ ኮሮናል ናቸው። የዚህኛው ስም የመጣው ኮሮና ከሚለው ቃል ነው፤ አክሊል ማለት ሲሆን፣ በራስ ቅሉ አናት ላይ ከጎን ወደ ጎን ያለፈው ስፌት አክሊል የሚደፋበት ቦታ ነው። መቀነቱ ደግሞ ትራንስቨርስ ነው፤ ላይኛውን ከታችኛው ይለያል።

ወደ አማርኛ ስናመጣቸው ግን መጠንቀቅ አለብን። ሳጂታልን «ቀስታዊ» ብንለው፣ ደጋኑም ፍላጻውም ቀስት ስለሚባሉ ተማሪው የተለጠጠ ደጋን ሊያስብ ይችላል። ሳጂታሪየስ የሚባለውን ኮከብ እንኳ የኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ ዐውደ ነገሥት ቀውስ ይለዋል፤ ቀውስ በዐረብኛ ደጋን ነው። ላቲኑ ሳጂታሪየስ ያለው ግን ከሚወረወረው ፍላጻ ተነሥቶ ነው። እኔ «የፍላጻ ገጽ» ብንለው እመርጣለሁ፤ ስዕሉ አይጠፋምና። በቃል ትርጉም ላይ እንዲህ የምከራከረው የውጫሌ ሰው ስለሆንኩም ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛውን ቅጂ ሮም እንደ ግዴታ ቆጠረችው። ጠቡ እስከ ዓድዋ ዘለቀ። 

በልጁ አናት ላይ ያለው ይህ መስመር ለእኔ የሥራ መሣሪያም ነው። ምጥ ሲፋፋም በጣቴ የምፈልገው እሱን ነው። አራት ስፌት የሚገናኝበት ሰፊ ክፍተት ካገኘሁ የፊተኛው እርግብግቢት ነው፤ ሦስት የሚገናኝበት ጠባቡ ደግሞ የኋለኛው። ፍላጻው በእናቲቱ ዳሌ ውስጥ አግድም ከተኛ ሕፃኑ ገና አልዞረም። አብዛኛውን ጊዜ ምጡ ሲገፋ ራሱ ይዞራል፤ ፍላጻው ከእናቱ ከፊት ወደ ኋላ ይቃናል፣ የልጁ ማጅራትም ወደ ፊቷ ይመጣል። የልጁ የፍላጻ ገጽና የእናቱ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ለአያቲቱም መልሴን ሰጠኋቸው። የኋለኛው ክፍተት በ2 ወይም በ3 ወር ይገጥማል፣ የፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፤ ቅቤ አያፈጥነውም። «ልጁ አስመልሶት ወይም አስቀምጦት እርግብግቢቱ ከተሰረጎደ ውሃ አልቆበታል፤ ሳያለቅስም ካበጠ ሌላ ከባድ ሕመም ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ቅቤውን ተዉትና ልጁን ይዘው ወደ እኛ ይሩጡ» አልኳቸው።

ያንኑ ሌሊት አንዲት ተለማማጅ ከምጥ ክፍል ጠራችኝ። ጓንቷን እንዳጠለቀች ነበር።

«ፍላጻው ወዴት ነው?» አልኳት።

«ቀንቷል፣ ሲስተር።»

«በይ ፎጣውን አሙቂ» አልኳት።