ለሌሊት ጉዞ በባለ አራት ጐማ ሞተር ላይ ስለሚጨመሩ መብራቶች

አንድ ዕቃ ተሸጦ ዋጋው በተከፈለበት ሰዓት ንግዱ የተፈጸመ ይመስላል። ይሁን እንጂ የነጋዴው መልካም ስም የሚመዘነው ዕቃው ከመደብር ከወጣ በኋላ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ይህም በተሽከርካሪ ላይ በሚጨመሩ መብራቶች ንግድ ጎልቶ ይታያል። በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ደምቆ የበራ ፓውዛ፣ ያለ ሒሳብ ከተገጠመ ገዢውን በእኩለ ሌሊት ከመንገድ ሊያስቀረው፣ ከዚያም አልፎ ሽቦ አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጣውም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጠው ነጋዴ የአሠራሩን መሠረት ማወቅ ይጠቅመዋል።

በንግድ ስሙ ኤቲቪ የሚባለው ተሽከርካሪ በመሪ እጀታ የሚነዳ፣ ሰፋፊ ጐማ ያለው፣ ከጥርጊያ መንገድ ውጭ የሚሄድ ሞተር ነው። የሆንዳ ኩባንያ ባለ ሦስት ጐማውን ዐይነት ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ የሱዙኪ ኩባንያ ባለ አራት ጐማውን በ1982 አስከተለ። ባለ ሦስት ጐማው በመገልበጥ ብዙ አደጋ ስላደረሰ በ1988 በአሜሪካ አገር አዲስ መሸጡ ቀረ። ዛሬ ባለ አራት ጐማው በሰፋፊ እርሻ፣ በከብት ጥበቃና በበረሃ ጉዞ ያገለግላል።

ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣው የፊት መብራት ለዝግታ ጉዞ ይበቃል። ነገር ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። መብራቱ 30 ሜትር ብቻ የሚያሳየው ከሆነ፣ ከፊቱ ያለውን ቦይ ወይም ድንጋይ ካየ በኋላ ለማሰብም ለመቆምም የሚቀረው ጊዜ ከ3 ሴኮንድ ያነሰ ነው። ተጨማሪ መብራት የሚፈለግበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

፩. ስለ ኀይል ሒሳብ

የሞተሩ ዲናሞ የሚሰጠው ኀይል የተወሰነ ነው። ከዚህም ላይ ለእሳት መስጫው፣ ለነዳጅ ፓምፑ፣ ለማቀዝቀዣው ቬንትሌተርና ለፋብሪካው መብራት የሚወጣ አለ። ለተጨማሪ መብራት የሚውለው ከዚህ ወጪ የተረፈው ብቻ ነው። ነጋዴ ከገቢው በላይ ወጪ ካደረገ ካዝናው እንደሚራቆት ሁሉ፣ ከትርፉ በላይ የሚበላ መብራትም ባትሪውን ያራቁታል።

ለምሳሌ ዲናሞው 250 ዋት ይሰጣል፣ ተሽከርካሪው ራሱ 180 ዋት ይወስዳል እንበል፤ ትርፉ 70 ዋት ነው። ባለቤቱ እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የሃሎጅን መብራቶች ቢጨምር 110 ዋት ያስፈልገዋል። የጎደለው 40 ዋት ከባትሪው ይወጣል፤ ይህም በ12 ቮልት ሲካፈል 3.3 አምፔር ያህል ነው። 12 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ሞተሩን ለማስነሣት የማይችልበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ በፊት ይደርሳል። ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ዲናሞው የሚሰጠው ኀይል ስለሚቀንስ ጉዳቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ሻጩ ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ስለ ዲናሞው ምን እንደሚል ደንበኛውን ሊጠይቀው ይገባል።

፪. ሃሎጅንና ኤል ኢ ዲ

የሃሎጅን አምፑል በመኪና ላይ መሥራት የጀመረው በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ዋጋው ርካሽ፣ መተኪያውም በቀላሉ የሚገኝ ነው። ሆኖም ከሚወስደው ኀይል አብዛኛው በሙቀት ይባክናል፤ ከፕላስቲክ አጠገብ ከተገጠመም ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል። ኤል ኢ ዲ ግን በአንድ ዋት የሚሰጠው ብርሃን ከሃሎጅን ብዙ እጥፍ ነው። ነጭ ኤል ኢ ዲ የተቻለው ሰማያዊው በመፈልሰፉ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራቸው አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ሊቃውንት በ2014 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀብለዋል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ በ55 ዋቶቹ ፈንታ እያንዳንዳቸው 18 ዋት የሆኑ ሁለት ኤል ኢ ዲ ቢገጠሙ የሚወስዱት 36 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ከ70 ዋቱ 34 ዋት ይተርፋል።

፫. በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ቍጥር

ገዢውንም ነጋዴውንም የሚያስቸግረው ይህ ክፍል ነው። አንዳንድ ሠሪዎች መብራቱ በእርግጥ የሚወስደውን ኀይል በመተው፣ የትንንሾቹን ኤል ኢ ዲዎች ከፍተኛ አቅም ደምረው ይጽፋሉ። ባለ 3 ዋት የሚባሉ 40 ኤል ኢ ዲዎች ያሉትን መብራት «120 ዋት» ይሉታል፤ ሲለካ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ማጣሪያው ቀላል ነው። መብራቱ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ይያያዛል፣ የሚወስደው አምፔር በመለኪያ ይነበባል፣ ከዚያም ሁለቱ ቍጥሮች ይባዛሉ። እውነተኛ 120 ዋት 10 አምፔር ያህል መውሰድ አለበት፤ 3 አምፔር ብቻ ከወሰደ ዕቃው 36 ዋት ነው። አስመጪው ብዙ ካርቶን ከማዘዙ በፊት በናሙናው ላይ ይህን ቢፈጽም፣ በኋላ ከደንበኛ ጋር ከመከራከር ይድናል።

ቮልቱም መታየት አለበት። ኤቲቪ፣ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ በ12 ቮልት ሲሠሩ፣ ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች በ24 ቮልት ይሠራሉ። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ መብራት በ24 ቮልት ላይ ቢገጠም ይቃጠላል፤ «10–30 ቮልት» የተባለው ግን ለሁለቱም ይሆናል። «አይፒ 67» የሚለው ምልክት ደግሞ ዕቃው አቧራ እንደማያስገባና በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ እንደማይበላሽ ያመለክታል።

፬. ስለ አገጣጠም

የመብራቱን ሙሉ ኀይል በእጀታው ላይ ባለው ትንሽ ማብሪያ ማሳለፍ ስሕተት ነው፤ ማብሪያው ይግላል፣ ይቃጠላልም። ትክክለኛው መንገድ በሪሌ መጠቀም ነው። ወፍራሙ ሽቦ ከባትሪው ተነሥቶ በፊውዝ በኩል ወደ ሪሌው 30 ቍጥር ይገባል፣ ከ87 ቍጥር ወደ መብራቱ ይወጣል። 85ና 86 ቍጥሮች የማብሪያው ቀጭን ሽቦና የመሬቱ መስመር የሚያያዙባቸው ናቸው። የማብሪያው ሽቦ ኀይሉን ቍልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር ቢወስድ፣ መብራቱ ተረስቶ ባትሪ አይጨርስም።

ፊውዙ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ ይሁን። ሽቦው ከቦታ ቦታ ተፍቆ ብረት ቢነካ፣ ከፊውዙ በፊት ያለውን ክፍል የሚጠብቀው የለምና። ለሁለት የ55 ዋት መብራቶች 15 አምፔር ፊውዝና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተስማሚ ናቸው። ሽቦው ከጭስ ማውጫውና ከሚንቀሳቀሰው መሪ ርቆ መታሰር አለበት። ፊውዝ በተቃጠለ ቍጥር ምክንያቱን ሳይፈልጉ በወፍራም መተካት ዘበኛን አሰናብቶ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

፭. ስለ አቀማመጥና አቅጣጫ

ጠባብ ጨረር ያለው መብራት ሩቅ ያሳያል፤ ሰፊው ደግሞ ቅርቡንና ጎኑን ያሳያል። በእጀታው ላይ የተገጠመ መሪው ወደ ዞረበት ይዞራል፤ በፊት ዕቃ መጫኛው ላይ የተገጠመ ግን ፊት ለፊት ብቻ ያበራል። አቧራና ጭጋግ በሚበዛበት ስፍራ በነጂው ዐይን አጠገብ ከፍ ብሎ የተገጠመ መብራት ብርሃኑን ወደ ነጂው ስለሚመልስ፣ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ሰፊ መብራት ይመረጣል።

አቅጣጫውን ለማስተካከል ተሽከርካሪው ነጂው ተቀምጦበት ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ የሰፊው መብራት የብርሃን መካከልም ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ይደረጋል። የሩቁ መብራት በመኪና መንገድ ላይ ከፊት ሌላ ሰው ሲመጣ መጥፋት አለበት። ዐይኑ የታወረበት ነጂ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅምና፣ አደጋው ለሁለቱም ነው።

በአጠቃላይ ነጋዴው መብራቱን ለብቻው ከመሸጥ ይልቅ ሪሌውን፣ ፊውዙንና ሽቦውን በአንድነት አዘጋጅቶ፣ በአማርኛ ከተጻፈ የአንድ ገጽ መመሪያ ጋር ቢያቀርብ፣ ሽያጩም ይጨምራል፣ ተበላሽቶ የሚመለሰውም ዕቃ ይቀንሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አምስት ደቂቃ ለመለካት የሰሰተ ሻጭ፣ በሌሊት ከሜዳ የቀረው ደንበኛው በማግሥቱ ከሱቁ በር ቆሞ ሲጠብቀው ያገኘዋል።